አትላንታ፣ በግንቦት መጨረሻ፦ እናትም፣ ወጣትም፣ ልጅም ይዞ የት ይኬዳል?

እሙ_ክላርክስተን፦
ሰላም ለቤቱ! በሜሞሪያል ዴይ (በሜይ የመጨረሻ ሰኞ በሚውለው የአሜሪካ የጦር ሙታን መታሰቢያ በዓል) ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች አሉብን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የአክስቴ ልጅ 23 ዓመቱ ነው፣ «ስታንድ አፕ ኮሜዲ (አንድ ሰው ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስቅበትን) ካላየሁ አልመለስም» ብሏል። የእኛዋ ትንሿ 7 ዓመቷ ነው። መኪና አለን፤ መሃል ከተማ ገብቶ ፓርኪንግ መፈለጉን ግን አልወደውም። የት እንሂድ፣ በምን እንሂድ፣ ከቲኬቱ ዋጋ ሌላስ ምን ያስወጣል? «አኳሪየም ውሰጃቸው» የሚል መልስ አይቆጠርም።

ሰማያዊ_መስመር፦
እሙዬ፣ ከቦታው በፊት ባቡሩን አስቢ። ክላርክስተን ላለሽው ለአንቺ የሚቀርቡት ኢንዲያን ክሪክና ኬንሲንግተን ጣቢያዎች ናቸው፤ እዚያ መኪና ማቆም ነጻ ነው። ሁለቱም ሰማያዊው መስመር ላይ ናቸው። ፋይቭ ፖይንትስ ወርዳችሁ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ቀዩን ወይም ወርቃማውን ስትይዙ ኖርዝ አቬኑ፣ ሚድታውንና አርትስ ሴንተር ተከታትለው ይመጣሉ። የምትፈልጊው ነገር አብዛኛው በእነዚህ ሦስት ጣቢያዎች ዙሪያ ነው። አንድ ጉዞ 2.50 ዶላር ነው፤ መስመር መቀየሩ አያስጨምርም።

ቅዳሜ ቀን ለሁላችሁም የሚሆነው ፒድሞንት ፓርክ ውስጥ የሚካሄደው የአትላንታ ጃዝ ፌስቲቫል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ ነው፣ የሚውለውም በዚሁ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ነው፤ መግቢያውም ነጻ ነው። ሚድታውን ጣቢያ ወርዳችሁ በ10ኛው ጎዳና ወደ ምሥራቅ ቀጥ ማለት ነው። ፓርኩ ጥግ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ቁልቁለት ነው። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ ለእናትሽ ዳገት ይሆናል። ስለዚህ ስትመለሱ ከፓርኩ በር እስከ ጣቢያው ኡበር ጥሩላቸው። ታጣፊ ወንበር ያዙ፤ ሣር ላይ ተቀምጦ መነሳት ለታመመ ጉልበት ከመንገዱ ይብሳል። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አይታመንም፤ መብረቅ ከታየ መድረኩ ይቆማል። ጃንጥላ የኋላውን ሰው ይጋርዳልና የዝናብ ልብስ ይሻላል።

እሑድ ትንሿን ወደ ሴንተር ፎር ፐፔትሪ አርትስ ውሰጂያት። አሻንጉሊት የሚያጫውቱ ባለሙያዎች ቤት ነው። በ1978 ሲከፈት ሪባኑን የቆረጡት «ሙፔትስ» የሚባሉትን የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች የፈጠረው ጂም ሄንሰንና የእሱው አሻንጉሊት እንቁራሪቱ ከርሚት ናቸው፤ የሄንሰን አሻንጉሊቶችም እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ይታያሉ። እናትሽ እንግሊዝኛውን ባይከታተሉም ዓይን የሚይዝ ነገር ነው። ትርኢቱ ሰዓት አለው፣ ወንበሩም ቶሎ ያልቃል፤ በር ላይ እንቆርጣለን ብላችሁ እንዳትሄዱ። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ሃይ ሙዚየም በነጻ የሚያስገባው በወሩ ሁለተኛ እሑድ ስለሆነ ለእናንተ አይገጥምም።

ሁለት_መጠጥ፦
ስለ ኮሜዲው እኔ ልመልስ። ላፊንግ ስከል ላውንጅ ሚድታውን ውስጥ፣ ፒችትሪ ጎዳና ላይ፣ ቮርቴክስ ከሚባለው በርገር ቤት ጀርባ ነው። ሰባ ምናምን ወንበር ብቻ ነው ያለው። ጥሩነቱም መጥፎነቱም እሱ ነው፤ የትም ብትቀመጥ መድረኩ አፍንጫህ ሥር ነው።

የአክስትሽ ልጅ ማወቅ ያለበት ይኼን ነው። አብዛኞቹ የኮሜዲ ክለቦች ከቲኬቱ ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገር እንድታዝ ያስገድዳሉ። ለስላሳም ይቆጠራል፣ አልኮል መሆን የለበትም። ቲኬቱ 20 ዶላር ቢሆን፣ ሁለቱ ለስላሳ 8፣ ቲፕ 20 በመቶ ሲጨመር ወደ 30 ዶላር ይጠጋል፤ ታክሱ ሳይቆጠር። ሒሳቡ የሚመጣው ዋናው ኮሜዲያን ገና መድረክ ላይ እያለ ስለሆነ እንዳይደነግጥ። ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ለቀደመ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይገኝ እንጂ ትርኢቱ ሲጀምር አይድረስ። ከፊት ተቀምጦ «ከየት ነህ?» ሲባል ደግሞ አጭር መልስ ይስጥ፤ ረጅም መልስ የሰጠ የማታው ቀልድ ራሱ ይሆናል። ይኼን ካልፈለገ ሦስተኛው ረድፍ ወይም ከዚያ ኋላ።

ፓስፖርቱን ይያዝ። የቀበሌ መታወቂያ በር ላይ አይሠራም፤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያለበት ደግሞ ልጁን በሰባትና በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ ሌላ ክርክር ነው።

ዳድስ ጋራዥን የሚመክሩሽም ይኖራሉ። ከ1995 ጀምሮ ያለ የኢምፕሮቭ ቲያትር ነው፣ ጎበዞች ናቸው። ግን ቀልዱ እዚያው የሚፈጠር ስለሆነ የአሜሪካን ቴሌቪዥን እያየ ላላደገ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። ስታንድ አፕ ቢያንስ ታሪኩን ራሱ ያስረዳል።

የደካተር_ጥግ፦
ማታ ማታ ለምን መሃል ከተማ ትደክማላችሁ? ኤዲስ አቲክ ደካተር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ከኬንሲንግተን ሁለተኛው ጣቢያ ማለት ነው። ከ1992 ጀምሮ ጊታር ይዘው ዘፈናቸውን ራሳቸው የሚደርሱ ሰዎች የሚጫወቱበት ትንሽ ቤት ነው። ደንቡ ዝምታ ነው፤ ዘፈን መሃል የሚያወራ ሰው ይገሠጻል። ሁለት ጥንቃቄ፦ የቁም ቲኬትና የወንበር ቲኬት ለየብቻ ስለሚሸጥ ስትቆርጡ አስተውሉ፤ ቤቱም ፎቅ ላይ ነውና ለእናትሽ ደረጃ የማያስወጣ መግቢያ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ታበርናክል የሚባለውን የኮንሰርት አዳራሽ ግን ለእናትሽ አታስቢው። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ምድር ቤቱ ብዙ ጊዜ ቆሞ ማየት ነው። መውረጃው ፒችትሪ ሴንተር ደግሞ መሬት ውስጥ በጣም የጠለቀ ጣቢያ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ወደ 58 ሜትር ይረዝማል፣ ሲበላሽ በእግር ነው።

የሐበሻ ኮንሰርት ካማራችሁ ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰዓት አትመኑ። 9 ፒኤም የሚል ከሆነ ዋናው ድምፃዊ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ባቡሩ ደግሞ 7 ሰዓት ገደማ ያበቃል። እንግዲህ የኡበሩን ሒሳብ ቀድማችሁ ያዙ።

እሙ_ክላርክስተን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ የቀረኝ፦ ፎክስ ቲያትር ለእናቴ ይሆናታል? ቲኬቱንስ ከየት ልቁረጥ? ስፈልግ ዋጋው ከገጽ ገጽ ይለያያል።

ሰማያዊ_መስመር፦
ይሆናቸዋል፣ እንዲያውም ከሁሉም የሚሻላቸው እሱ ነው። ከኖርዝ አቬኑ ጣቢያ አጭር መንገድ ነው፣ በወንበርም ተቀምጦ የሚታይ ነው። በ1929 በፈረንጆቹ ገና ቀን የተከፈተ ከ4,600 በላይ መቀመጫ ያለው ቤት ነው። ጣሪያው ኮከብና ደመና ያለበት የሌሊት ሰማይ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ምድር ላይ ያለውን የኋላ ወንበር አትግዢ፤ ሰገነቱ ስለሚጋርደው ሰማዩ አይታይም። በዚያ ሰሞን የሚስማማችሁ ትርኢት ባይኖር ሕንጻውን ብቻ የሚያስጎበኙበት ፕሮግራም አላቸው።

ቲኬቱን ከቲያትሩ ከራሱ ድረ ገጽ ግዢ። ፍለጋ ላይ ቀድመው የሚወጡት ብዙዎቹ አትርፈው የሚሸጡ ናቸው፤ ስማቸውን የቲያትር ቤቱ እስኪመስል ያቀራርቡታል። ከግንቦት 2025 ወዲህ በአሜሪካ ሕግ ሻጭ ሁሉ ክፍያ የተጨመረበትን ሙሉ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ዋጋ ከዘለለብሽ ገጹን ትተሽው ውጪ። ስልክ ላይ ያለው ቲኬት ኮዱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ በስክሪንሾት አያስገቡም። እንግዶችሽ የአሜሪካ ቁጥር ስለማይኖራቸው ሁሉንም አንቺ ስልክ ላይ አድርጊና አብራችሁ ግቡ። ኡበር የምትጠሪ ከሆነ ደግሞ አድራሻው ፒችትሪ ጎዳና ነው፤ ዌስት ፒችትሪ ሌላ መንገድ ነው፣ ፒችትሪ ሴንተርም ሌላ። እዚህ ከተማ «ፒችትሪ» ብሎ ብቻ መጻፍ እናትሽን ሌላ ሰፈር ማውረድ ነው።