ሙዚየምና የእንስሳት ማቆያ በአንድ ግቢ፦ ላባ የሚበላውን ተባይ እንዴት እንከላከል?

ሰጎን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሙዚየሙና ማቆያው የሚለያዩት በአንድ ኮሪደር ነው። ቆዳቸው ተሞልቶ ለዕይታ ከቆሙት የሞቱ ወፎች ሥር ጸጉራም የእጭ ቅርፊትና ቡናማ ብናኝ እየወደቀ ነው፤ ሲጠረጉ ላባቸው ይረግፋል። ምን ይደረግ? ማቆያው ውስጥ የሞተ እንስሳስ ወደ ሙዚየሙ ስብስብ የሚገባው እንዴት ነው?

ከርከሮ፦ የምንጣፍ ጥንዚዛ ነው። ላባውን የሚበላው እጩ ነው፤ ያደገው ጥንዚዛ አበባ ፍለጋ ወደ ብርሃን ስለሚበር መስኮቱ ሥር ሞቶ ታገኙታላችሁ። መጥረጉን አሁኑኑ አቁሙ። የቆዩ ቆዳዎች በአርሴኒክ ይታከሙ ስለነበር አቧራው መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ጓንትና ማስክ አትንኩ።

የተጠቃውን ወፍ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ በደንብ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 2 ሳምንት አቆዩት። ፍሪዘሩን አታጨናንቁት፤ ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ከመጣ እጩ ይለማመደዋል። ሲወጣ ፕላስቲኩ 24 ሰዓት አይፈታ። ቶሎ ከተፈታ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ላባ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፍና ሻጋታ ያመጣል።

ሰጎን፦ አመሰግናለሁ። ግን ተመልሶ ቢመጣስ?

ከርከሮ፦ ምንጩ ካልተዘጋ ይመጣል። የረገፈ ላባ፣ ጣሪያ ውስጥ ያለ የወፍ ጎጆ፣ የደረቀ ሥጋ፦ ሁሉም መራቢያው ነው። በግድግዳው ጥግ ቁጥር የተጻፈባቸው የሚያጣብቁ ወጥመዶች አስቀምጡና በየወሩ ቁጠሩ፤ ብዙ የያዘው ወጥመድ መግቢያውን ይነግራችኋል። ሠራተኛም ሥራውን ከሙዚየሙ ጀምሮ ወደ ማቆያው ይሂድ እንጂ ከጉረኖ ወጥቶ በዚያው ልብስ ስብስቡ ውስጥ አይግባ። አጥንት የሚያጸዱ ጥንዚዛዎች ካሏችሁ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይሁኑ።

ቁራ፦ ስለ ሞተው እንስሳ ልጨምር። አስከሬን ከመመርመሩ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ አይሁን፣ በረዶ ሴሉን ስለሚያፈርስ የበሽታው ምልክት ይጠፋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሐኪሙ ሆዱ ላይ ብቻ እንዲከፍትና ጭንቅላቱን እንዳይሰብር ቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ቆዳና የራስ ቅል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን የተባለው ኬሚካል ዲኤንኤን ስለሚጎዳ፣ አስቀድማችሁ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጡንቻ ወይም ጉበት ቆርጣችሁ 95 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ አኑሩ፤ ኢታኖሉ የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን። መለያውን በእርሳስ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።

መለያው ላይ ከቆዳው ሥር የተቀበረው ማይክሮቺፕ ወይም የእግሩ ቀለበት ቁጥር፣ ጾታው፣ የወላጆቹ ቁጥር፣ የሞተበት ቀን ይስፈር። «ማቆያ ውስጥ ያደገ» የሚለው አይዘለል። ማቆያ ያደገ አንበሳ የራስ ቅሉ ቅርጽ ከዱሩ ስለሚለይ፣ ሳያውቅ የሚለካ ተመራማሪ ይሳሳታል።