"ተኩስ ለሰነፍ ነው" ያልከው ሰውዬ ና ውጣ (የሰላይ አርፒጂ ጌም ክርክር)

ሰባ ደረጃ፦
ትናንት ማታ አንዱ እዚህ ግሩፕ ላይ ቮይስ ልኮ "ሰላይ ጌም ውስጥ ተኩስ ለሰነፍ ነው፣ አርፒጂ በጭንቅላት ነው" ብሎን ተኛ። አርፒጂ ያለው ገጸ ባህሪህን ፖይንት እየሰጠህ የምታሳድግበትን ጌም ነው። እኔ አልተኛሁም። አልፋ ፕሮቶኮል የሚባለውን የሰላይ አርፒጂ ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ሦስቱንም እየተኮስኩ፣ እና ሰነፍ ልባል? ካለህ ውጣና አስረዳን።

ጆሮ ጠቢው፦
አለሁ። ሰነፍ ያልኩት ተጫዋቹን ሳይሆን ጌም ሰሪውን ነው። ሚሽን ማሰብ ሲያቅተው አንድ ክፍል ውስጥ አስር ጠባቂ ይጨምርና በቃ ጨረስኩ ይላል። ሰላይ እኮ ገብቶ ሲወጣ ማንም ያላየው ነው፣ ክላሽ ይዞ የሚገባውማ ሌላ ስም አለው።

ሚጡ ኮንሶል፦
አሁን "ጌም ሰሪውን ነው" ሆነ? ማታ "እናንተ" ነበር ያልከው፣ ጆሮ አለን እኮ።

ኮማንደር ሽሮ፦
ጆሮ ጠቢ ነኝ የሚል ሰው ጆሮ አለን ሲባል ደነገጠ ቂቂቂ

ሰባ ደረጃ፦
እሺ በጭንቅላት እናውራ። ኦብሲዲያን የሚባለው ስቱዲዮ በ2010 ያወጣው አልፋ ፕሮቶኮል ላይ ችግሩ ተኩስ መኖሩ አልነበረም፣ ግማሽ ተኩስ መሆኑ ነው። የምትጫወትበት ሰላይ ቶርተን ሽጉጥ ይዟል፣ ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶህ ቆሟል፣ እኔ ኢላማውን ልክ ማጅራቱ ላይ አድርጌ እተኩሳለሁ፣ ይስታል! ለምን ቢባል ፖይንቴን ሽጉጥ ላይ አላፈሰስኩማ። ሳትነቃነቅ አነጣጥረህ የኢላማው ክብ እስኪጠብ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ እስከዚያ ሰውየው ዞሮ ያይሃል። ወይ ለዕድል፣ ለዳይስ ስጠው ወይ ለእጄ ተውልኝ። ስንቱ ጀለስ በዚች ምክንያት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጣለው።

ኪያ ካዛንቺስ፦
የሚስተው አንተ አይደለህም እኮ ቶርተን ነው። ቶርተን ገና አልሰለጠነም፣ አንተ ፊፋ ላይ ጎበዝ ስለሆንክ እሱ ተኳሽ አይሆንም። አርፒጂ ማለት ይሄው ነው፣ ካልጣመህ ኮል ኦፍ ዲዩቲ አለልህ ላሽ በል።

ሰባ ደረጃ፦
አንተ ሰውዬ ስለ ፊፋ ማን አነሳ

ጋሽ ዴስክቶፕ፦
ልጆች ቀስ። ይሄ እኮ በ2000 በወጣው ዲውስ ኤክስ የሚባል ጌም ላይ የተፈታ ነገር ነው። ያልሰለጠንክበትን መሳሪያ ስትይዝ ኢላማው ሰፍቶ ይቆይሃል፣ ታግሰህ ከቆምክ ይጠባል፣ ስትሰለጥን ቶሎ ይጠባል። እጅህም ይቆጠራል ፖይንትህም ይቆጠራል። ደግሞ እዚያው ጌም ላይ ያለችውን ግማሽ ማሽን ወኪል አና ናቫሬን አስታውሱ። ተኩሰህ ትገላታለህ፣ ወይም ደብቀው ያስቀመጡትን የመግደያ ቃሏን ፈልገህ ካገኘህ ፊት ለፊት ቆመህ ሁለት ቃል ትላታለህ፣ ትፈነዳለች። ጥይት ሳይሆን መረጃ ነው የገደላት፣ ከዚህ በላይ ስለላ የት አለ?

ኪያ ካዛንቺስ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ዘመኑ 2052 ነው። እኛ የምናወራው ስለ ዛሬ ሰላይ ነው፣ ግማሽ አካሉ ማሽን የሆነ ሰው ጋራዥ እንጂ ሚሽን አይገባም።

ጋሽ ዴስክቶፕ፦
ገና ሳትወለድ የጨረስኩትን ጌም ታስተምረኝ ጀመር ደግሞ። መቼቱ 2052 ቢሆን ክርክሩ ያው ነው።

ጆሮ ጠቢው፦
ጋሼ ይመችዎት፣ እኔም ሰነፍ ስል ይሄን ነበር። የዚሁ ጌም ዘመድ ሂውማን ሪቮሉሽን በ2011 ሲወጣ ምን አደረጉ? ሀኪንግና መደበቅ ላይ ፖይንትህን ሁሉ አፍስስ ብለው ሲያባብሉህ ይቆዩና በር ዘግተው ክንዱ መትረየስ ከሆነ ሰውዬ ጋር ያፋጥጡሃል። በሀኪንግ መትረየስ አይቆምም። ቦሶቹን፣ እነዚህን ዋና ዋና ጠላቶች፣ ለሌላ ስቱዲዮ በኮንትራት ሰጥተው ነው ያሰሩት፣ ከዚያ ሰው ሲጮህ በ2013 በወጣው ዳይሬክተርስ ከት በሚባለው የተሻሻለ ቅጂ ላይ ሀክ እያደረግክም እንድታሸንፍ አስተካከሉት። ማስተካከል ከተቻለ መጀመሪያ ያልሰሩት ለምንድን ነው? ሰነፍ! እኔ ያኔ ፒሲ የለኝም፣ ፒያሳ በሰዓት እየከፈልኩ ነው የምጫወተው፣ ያ ባለ መትረየስ ክንድ አንድ ሙሉ ሰዓት በላብኝ፣ ሊሞት አንድ ሁለት ጥይት ሲቀረው መብራት ሄደ። ባለ ቤቱ ሂሳብህን ክፈል አለኝ።

ኮማንደር ሽሮ፦
ከፈልክ?

ጆሮ ጠቢው፦
ምን ላድርግ

ሰባ ደረጃ፦
አያችሁ አይደል፣ ቂሙ ከቦስ ጋር ነው፣ ተኩስን ለምን ይሰድባል። "በተኩስ ብቻ የሚታለፍ በር መጥፎ ነው" በል እስማማለሁ። "ተኩስ ለሰነፍ ነው" ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሚጡ ኮንሶል፦
ሁለታችሁም ሽጉጥ ላይ ተጣበቃችሁ። አልፋ ፕሮቶኮል ላይ አክሽኑ ወሬው ውስጥ ነው እኮ! ሰውየው እያወራህ ከስር ሰዓት ይቆጥራል፣ ሳያልቅ እንደ ጄምስ ቦንድ ልታባብለው ነው፣ እንደ ጄሰን ቦርን በሥርዓት ልታናግረው ነው ወይስ እንደ ጃክ ባወር ልታፈጥበት፣ ትመርጣለህ። ሴቭህ ቼክፖይንት ነው፣ ከአፍህ የወጣ ቃል አይመለስም። ልቤ የመታው ተኩስ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው፣ በተለይ እንግሊዝኛው። ሰብታይትሉን ግማሽ ሳላነብ ሰዓቱ ያልቅና እሱ ራሱ መርጦልኝ ሰው አስቀይሜ እገኛለሁ። ለምን እንደተቆጣችኝ ሳላውቅ አንዷን ገጸ ባህሪ እስከ መጨረሻው አኮረፍኳት።

ኪያ ካዛንቺስ፦
ይሄ አክሽን አይባልም፣ ፈተና ነው የሚባለው።

ሚጡ ኮንሶል፦
ጣትህና ልብህ እኩል ከሮጡ አክሽን ነው። ስሙን አንተ አታወጣለትም።

ኮማንደር ሽሮ፦
እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ቶርተን ሳውዲ ሄደ፣ ሮም ሄደ፣ ሞስኮ፣ ታይፔ ሄደ። የአፍሪካ ህብረት ያለበት፣ ኤምባሲ በየመንገዱ የተደረደረበት ከተማ ትኬት ጠፍቶ ነው? አስቡት፣ ካዛንቺስ ስብሰባ አለ፣ ሰው ትከታተላለህ፣ መረጃ የሚሰጥህ ሊስትሮ ነው። እግርህን ሳጥኑ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ቀለሙን እየቀባ ጫማህ ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ ከየት ሰፈር እንደመጣህ ይነግርሃል። ተኩስ አያስፈልግም፣ ጉርሻ ካሳነስክ አሳልፎ ይሰጥሃል።

ሰባ ደረጃ፦
ማፑ ፒያሳን ይጨምር

ጋሽ ዴስክቶፕ፦
የቱን ፒያሳ? ከመፍረሱ በፊት ያለውን ወይስ ያሁኑን?

ኪያ ካዛንቺስ፦
ካዛንቺስንም እንደዛው ጠይቁልኝ። ያሁኑ ላይ መደበቂያ ጥግ የለም፣ ሁሉ ነገር መብራትና ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ ስቴልዝ፣ ተደብቆ ማለፍ፣ በምን አባቱ ይሰራል።

ጆሮ ጠቢው፦
ስለዚህ በወሬ ትሰልላለህ፣ ያልኩት ይሄው።

ሰባ ደረጃ፦
ያልከው "ሰነፍ" ነው። ስክሪንሹት እንዳላደርገው ቮይስ ነው።

ኮማንደር ሽሮ፦
በነገራችን ላይ ጌሙን የት አገኛለሁ? ስቲም ላይ የለም።

ሚጡ ኮንሶል፦
በ2019 የዘፈን መብቱ አልቆ ከገበያ አውርደውት ነበር፣ 2024 ላይ ጂኦጂ የሚባለው የጌም መሸጫ ሳይት ላይ ተመልሷል። እኔ ጋ አለ፣ አራት ኪሎ ፍላሽ ይዘህ ና፣ ቫይረስ ያለበት ፍላሽ እንዳታመጣ ብቻ።

ጆሮ ጠቢው፦
ሰባ ደረጃ አንተም ውሰድና አራተኛውን ዙር ሰው ሳትገድል ጨርሰው። ከዚያ እናወራለን።

ሰባ ደረጃ፦
አንተ ሞስኮ ላይ ያንን ብሬይኮ የሚባል ቢላ ይዞ የሚያብድ ሰውዬ በወሬ አሳምነህ ካለፍከው እስማማለሁ።

ጆሮ ጠቢው፦
እሱማ የግድ ታጋጥመዋለህ፣ ሰሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ

ሰባ ደረጃ፦
ጀመረው ደግሞ። አድሚን፣ ያንን ቮይስ ፒን አድርግልኝ ይስሙት።