አስቸኳይ፦ ኪራይ ጨመሩብን፤ ዳላስ ይሻላል ሲያትል?

ፍሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እስከ አርብ ፈርሙ ወይ ልቀቁ ተብለናል። ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዛሬ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ደብዳቤ ተለጥፏል፤ ኪራዩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከ2,100 ዶላር 2,420 ይገባል ይላል። ባለቤቴ "በቃ፣ ዳላስ እንሂድ" ብሎ ቆርጧል። የእኔ ልብ ሲያትል ነው። እህቴ እዚያ ናት፣ ሙቀትም አልችልም። የኖራችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

የጋርላንዱ፦
ዳላስ! ምኑ ያሳስባል? በዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት ታገኛላችሁ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ቅርብ ነው። ኑ፣ ቡናው ከእኔ።

ሒሳብ ይናገር፦
እህቴ፣ ከተማ በስሜት አይመረጥም። ዳላስ ያለችበት ቴክሳስም ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴትም ከደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጡም። ሜሪላንድ የስቴቱንም የካውንቲውንም ትቆርጣለች። ግን ቴክሳስ ቤት ስትገዙ የንብረት ታክሱ ይከብዳል፣ ሲያትል ደግሞ ብዙ ዕቃ ላይ ከ10 በመቶ በላይ የሽያጭ ታክስ አለ። ኪራይ፣ ታክስ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ሦስቱን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ካፊያ፦
ሲያትል እኖራለሁ፣ እወዳታለሁም። ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ ክረምት አይወርድም፤ ካፊያ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ። የሚከብደው ጨለማው ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ገና በአሜሪካ ሰዓት 4፡20 ገደማ ነው፣ የቀን ሥራ ያለው ሰው ብርሃን ሳያይ ይውላል። በጋው ግን ገነት ነው። ኪራይ ሸሽታችሁ ከሆነ ግን እዚህም ውድ ነው፣ እህትሽን ጠይቂያት።

የጋርላንዱ፦
እኮ! ዳላስ አልኩ።

ፍሬዋ፦
አመሰግናለሁ። ሳልናገር ቀረሁ እንጂ እናቴም አብራን ናት፣ መኪና አትነዳም። እኔ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። እሱ ኡበር ይሠራል።

ነርሷ፦
ይሄን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ የኔ እህት። ለአርኤን (ለተመዘገበ ነርስ) ብዙ ስቴቶች የሚጋሩት ላይሰንስ አለ፣ ሲኤንኤን ግን አይጨምርም። ፈቃድሽን ወደምትሄጂበት ስቴት ማዛወር አለብሽ፣ ሳትነሺ ጀምሪው። ለእናትሽም አስቢ። ቴክሳስ ሜዲኬይድን (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ካላሰፉት ስቴቶች አንዷ ናት፣ ሜሪላንድ ላይ ያገኘችው ሕክምና እዚያ ይከተለኛል ብላ እንዳትነሳ። ዳላስ ባቡር አለ፣ ግን ብዙ ሰፈር ያለ መኪና እስር ቤት ነው። ጁላይ ላይ ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሆን ማን በእግሩ ይወጣል?

የዊተኑ፦
ቆይ፣ ቆይ። ሰው ሁሉ ከተማ ያማርጣል፣ ደብዳቤውን ያነበበ የለም። 320 ዶላር ማለት 15 በመቶ ነው! ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። እዚህ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የኪራይ ጣሪያ ሕግ እየተሠራበት ነው፤ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም። ማስታወቂያውም ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት። "ከሚቀጥለው ወር" ብሎ ነገር የለም። ከሕጉ ነፃ የሆኑ አሉ፣ ለምሳሌ ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃና ከሁለት ቤት በላይ የሌለው አከራይ። አትፈርሙ። ነገ ጠዋት የካውንቲው መረጃ ስልክ 311 ደውይና የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ቢሮ አገናኙኝ በይ። ደብዳቤውን ፎቶ አንሺው፣ ቀኑ ይታይ።

የጋርላንዱ፦
ዛሬ ሕግ ቢያቆመው በሚቀጥለው ዓመት ይጨምራል። መሄዱ አይቀርም።

የዊተኑ፦
ቢሄዱም ተዘጋጅተው ይሂዱ ወንድሜ፤ እናት ይዞ በሦስት ቀን ስቴት አይቀየርም። ፍሬዋ፣ ሕንፃው መቼ ተሠራ?

ፍሬዋ፦
አሮጌ ነው፣ ዓመቱን ግን አላውቅም። የሕንፃውን ቢሮ ልጠይቃቸው?

የዊተኑ፦
እነሱን አትጠይቂ። የሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አድራሻሽን አስገቢ፣ የተሠራበት ዓመት ይወጣል። ገንዘብ አያስከፍልም።