አንደኛ ክፍል ተመደብኩ፤ ቀናችሁ እንዴት ነው የሚውለው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ዘንድሮ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመድቤያለሁ፤ የደረሰኝ አንደኛ ክፍል ነው። ለልምምድ ስወጣ ያስተማርኩት አራተኛ ክፍል ስለነበር ትንንሾቹን ሳስብ ፈራ ተባ እላለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀናችሁ ምን ይመስላል? በተለይ ፊደል የማይለይ ልጅ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የአንደኛ ክፍል ቲቸር፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ያስተማርኩት አንደኛ ክፍል ነው። ሌላ ክፍል ስጡኝ ብዬም አላውቅም።

ቀኔ የሚጀምረው ከደወሉ በፊት ነው። ልጆቹ ቁርስ ለመብላት በጠዋት ስለሚመጡ እኔም መመገቢያው አካባቢ አልጠፋም። ማን ሳይበላ እንደተነሳ፣ የማን ዓይን እንዳበጠ የማየው እዚያ ነው። ምገባው ሳይጀመር ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ የሚደፋ ልጅ አይጠፋም ነበር። ሰነፍ ይባላል። ርቦት እኮ ነው!

ከዚያ ሰልፍ፣ ባንዲራ፣ መዝሙር፣ ስም ጥሪ። ስም ስትጠሪ ከወረቀቱ ቀና ብለሽ ፊታቸውን እዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ» ሲል ሁሉም የለየ ይመስላል። ሰሌዳው ላይ «ሜ»ን ብቻዋን ጻፊና አንዱን አስነሺ። ዓይኑ ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈው የፊደል ገበታ ይሄዳል። መልኳን እዚያ ይፈልጋል። ካገኛት በኋላ ከ«መ» ተነስቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ጣቱን አንድ በአንድ እያጠፈ ይመጣና አምስተኛው ላይ «ሜ!» ይልሻል። ገበታውን ብታነሺበት ዝም ይላል። ይሄ ልጅ ዜማውን ነው የያዘው፤ ፊደሏን ገና አላወቃትም። እንዲህ ሆኖ ሦስተኛ ክፍል የሚደርስ አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ በትነሽ አስተምሪ። እኔ የብስኩት ካርቶን እቆርጥና በማርከር ፊደል እጽፍበታለሁ። መጀመሪያ የምሰጠው የየልጁን ስም ፊደላት ነው፤ ልጅ የስሙን ፊደል አይረሳም። ከዚያ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣሉ፣ አዲስ ቃል ይሠራሉ። «ለ»ን፣ «ሰ»ን እና «በ»ን ደግሞ በአንድ ቀን አታምጪባቸው። መልካቸው ስለሚቀራረብ ይምታታባቸዋል።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ያኔ ሥዕል፣ ስፖርት፣ መዝሙር። ሒሳብ ከደረሰብሽ በቆርኪ አስቆጥሪ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይለቀቃሉ። አንቺ ግን ደብተር ማረም፣ የነገውን ዕቅድ ማዘጋጀትና የቀረ ወላጅ መጠበቅ አለብሽ።

ከሰሜን ሸዋ ገጠር፦
ቲቸር ያሉት ልክ ነው። ነገር ግን በኅብረት ማንበቡን ጨርሶ እንዳትተዪው እህቴ። ብቻውን ሲጠየቅ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ከብዙ ድምፅ መሀል ተደብቆ አፉን ይፈታል። እኛ ጋ የምናስተምረው በፈረቃ ነው፤ ጠዋት ከብት የሚያግድ ከሰዓት ይማራል። በገበያ ቀንና በአጨዳ ጊዜ ግን ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። የቀረው ልጅ ሲመለስ የጓደኞቹን ድምፅ ተከትሎ ነው የሚደርስባቸው። ካርቶን እንኳ ሱቁ ሩቅ ስለሆነ መሬት ላይ በእንጨት ነው የምናስጽፋቸው፤ አሸዋ ካገኛችሁ ግሩም ነው፤ ቢሳሳቱም በእጃቸው ያጠፉታል።

ጀማሪዋ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክፍሌ ከሃምሳ በላይ ነው አሉኝ። እያንዳንዱን ለብቻ የማዳምጥበትን ጊዜ ከየት ላምጣው?

የአንደኛ ክፍል ቲቸር፦
የገጠሩ ወንድሜ እውነቱን ነው፤ መጀመሪያ በኅብረት፣ ከዚያ በተን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በቀን አሥር ልጅ ካዳመጥሽ ሃምሳው በሳምንት ይዳረሳል። የቀሩትን በሁለተኛው ሳምንት ታስቀድሚያቸዋለሽ። ሌሎቹ ሲጽፉ አንዱን ወደ ጠረጴዛሽ ጥሪና አራት አምስት ካርቶን አሳዪው። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ሲሳሳት ክፍሉ ከሰማው ነገ አይመጣልሽም። የለየውንና ያልለየውን በትንሽ ደብተር ያዢ። የማርክ ሊስቱ ደብተር አይደለም፣ የራስሽ። ወላጅ ሲመጣ «ልጅሽ ሰነፍ ነው» ከማለት «ቸ እና ተ ተምታተውበታል፣ ማታ ማታ አስለዪው» ብትያት ቤቷ ሄዳ የምትሠራው ነገር ይኖራታል።

ቆርኪና ካርቶን ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሪ። የሰፈርሽን ባለሱቅ ካስለመድሽው ያስቀምጥልሻል።