የቲቪ ካርቶን ፎም በብርቱካን ልጣጭ ይሟሟል?

ሱቀኛዋ፦ ሰላም ወገን። ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ እሸጣለሁ። የቲቪና የፍሪጅ ማሸጊያው ነጭ ፎም ጓዳዬን ሞላው። ቆራሌው ካርቶኑን አንጠልጥሎ ፎሙን ጥሎልኝ ይሄዳል። ሲሰባበር ደግሞ ፍሬ ፍሬው በነፋስ ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ይሰገሰጋል። ማን ይለቅመዋል? ጎረቤቴ ጁስ ቤት ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ በጆንያ ይደፋል። ልጣጩ ፎም ያሟሟል የሚሉት እውነት ነው ወይስ የሰፈር ወሬ?

ኬሚስትሪ ወዳድ፦ እውነት ነው እህቴ። ልጣጩን አጥፈሽ ፎሙ ላይ ጭመቂው። የተረጨው ዘይት ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል። ፎሙን የሚያሟሟው ነገር ሊሞኒን ይባላል፤ ከልጣጩ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ እሱ ነው። ፎሙ 98 በመቶ ያህሉ አየር ስለሆነ ያ ሁሉ ክምር ወደ ትንሽ ዝልግልግ ነገር ይወርዳል። የጃፓኑ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሠርቶበታል። ጭማቂው ግን ምንም አያደርግም።

ሱቀኛዋ፦ ጉድ እኮ ነው! በቃ ልጣጩን ቀቅዬ ዘይቱን ላውጣ?

የዘጌ ልጅ፦ ክፍት ድስት ላይ ከሆነ በእንፋሎት ያመልጥሻል። እንደ አረቄ አወጣጥ ነው፤ እንፋሎቱን በቧንቧ አውጥቶ ማቀዝቀዝ። ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እሳት ይይዛል፣ ከከሰሉ አርቂው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአንድ ጆንያ የምታገኚው ጥቂት ነው። ሊሞኒኑን ከሟሟው ፎም መልሰሽ ካላወጣሽው አያዋጣም። የቀረውን ፕላስቲክ ደግሞ ለምግብ ዕቃ እንዳታስቢው።