ሳይንስ በአማርኛ ይሰጥ ወይስ በእንግሊዝኛ ይቀጥል?

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ፈተና ላይ «ለፎቶሲንተሲስ ክሩሻል የሆኑትን ጥቀሱ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ባዶ አድርጋ መለሰችልኝ። ፎቶሲንተሲስን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ያቃታት ክሩሻል ነው። ታዲያ የፈተንኩት ባዮሎጂ ነው እንግሊዝኛ? እኔ ሳይንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም በአማርኛ ይሁን ባይ ነኝ።

ነጋዴ (ፍኖተ ሰላም)፦
ኧረ ጋሼ! አንድ ቃል በከበደ ቁጥር ቋንቋ ልንቀይር ነው? ክሩሻል ወሳኝ ማለት ነው፣ አለቀ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እኮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

የግብርና ባለሙያ (ቡሬ)፦
አላለቀም። ልጆቹ ኢምፖርታንትን (አስፈላጊ) እና ክሩሻልን አንድ አድርገው ነው የሚሸመድዱት። የእኛን አሲዳማ መሬት እዩ። ብዙ ነገር ያስፈልገዋል፣ ማዳበሪያም ጭምር። ኖራ ካልገባበት ግን ማዳበሪያው በቅጡ አይሠራም። ክሩሻሉ ኖራው ነው። ቃሉ ራሱ መስቀል ከሚለው ላቲን የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1620 እ.ኤ.አ. መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ አመልካች፣ ከሁለት ግምት ትክክለኛውን የሚለይ ማስረጃን ጠርቶበታል። ይህን ልዩነት በአማርኛ ያልጨበጠ ልጅ በእንግሊዝኛ ከየት ያመጣዋል?

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ (ቢቸና)፦
ጎጃም ቁጭ ብሎ «የሰው ቋንቋ ከበደን» ማለት ያሳፍራል። የዲማና የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ በግዕዝ አፉን ፈታ እንዴ? ግን ይቀኛል። ችግሩ አስተማሪው ጋ ነው።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድሜ፣ ለእኔ መሰከርክልኝ። የኔታ ግሱን የሚተረጉሙት፣ ሰሙን ከወርቁ የሚለዩት በምን ነው? በአማርኛ!

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ (ቢቸና)፦
እሱስ ልክ ነው። የኔታ ግን ግዕዙን አያስቀሩም። እርስዎ እንግሊዝኛውን ሊያስቀሩት ነው።

ወላጅ (ሞጣ)፦
በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሒሳቡ እስከ ታሪኩ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም በቋንቋ አላመካኝም፣ ሰበቡ ብዙ ነው። ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ ምን ሊመልስ ይችላል?

ነጋዴ (ፍኖተ ሰላም)፦
እሺ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ማን ተርጉሞ ያትመው? ያለውስ መቼ ተዳርሶ?

ወላጅ (ሞጣ)፦
እስኪታተም መምህሩ ሲያስረዳ በአማርኛ ያስረዳ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይቆይ። ለዚህ ደግሞ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም።