እናቴን በዳኑብ ወንዝ መርከብ ለመውሰድ አስቤ ቪዛው ላይ ተቸግሬአለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የምትኖረውን የ68 ዓመት እናቴን ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥቶ በሊንዝ፣ በሜልክ፣ በቪየናና በብራቲስላቫ አድርጎ ቡዳፔስት በሚደርስ የቅንጦት የወንዝ መርከብ ለሰባት ሌሊት ላዝናናት አስቤአለሁ። ሁለታችንም እንዲህ ባለ መርከብ ተጉዘን አናውቅም። እናቴ የፍልሰታን ጾም ሳትፈታ ስለማትነሣ ጉዞው ከነሐሴ 16 በኋላ ነው።

ዋናው ጭንቀቴ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በአንድ ፈቃድ ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው ቪዛ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ረዘም ያለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር፣ ቆይታው እኩል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መርከቡ ማታ ከአንዱ አገር ተነሥቶ ንጋት ላይ ሌላው አገር ሲደርስ ያ ሌሊት ለየትኛው እንደሚቆጠር ግራ ገብቶኛል። የጀርመንን ወይስ የኦስትሪያን ኤምባሲ ልጠይቅ?

ሁለተኛው የእናቴ ጉልበት ነው። የጉዞ ወኪሉ አሳንሰሩ ሁሉም ፎቅ ይደርሳል ቢለኝም፣ የመርከቡን ፕላን አስፍቼ ስመለከተው የሚያገናኘው ሁለቱን የላይኛ ፎቆች ብቻ ነው። ርካሹ ክፍል ከታች ነው፤ መስኮቱ ከውኃው ትንሽ ከፍ ያለና የማይከፈት ነው። መርከቦች ወደብ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩም በሌላው መርከብ ውስጥ አልፎ መውረድ ግድ ይሆናል፤ ይህን ደረጃ እንዴት ትችለዋለች?

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የተጓዛችሁ፣ በተለይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያገኛችሁ፣ ለየትኛው ኤምባሲ እንዳመለከታችሁና የትኛውን ፎቅ እንደመረጣችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።